«ኰምፒዩተሩ ነው ያወጣው» መልስ አይሆንም

ዕቁብ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው አለ ብዬ አልገምትም። እኛ ገላን ኮንዶሚኒየም ያለን የአንድ ብሎክ ነዋሪዎች ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ ከደረጃው ሥር እንሰበሰባለን። የዕቁቡ ዳኛ ስም የተጻፈባቸውን ቁራጭ ወረቀቶች አንድ በአንድ ዘርግቶ ያሳያል። ይቆጠራሉ፣ እኩል እኩል ይጠቀለላሉ፣ ባርኔጣ ውስጥ ገብተው ይናጣሉ፤ ከዚያም ከልጆቹ አንዱ ፊቱን አዙሮ ያወጣል። ገንዘቡ ያን ያህል የሚያጓጓ አይደለም። ቢሆንም «ዛሬስ ሳይቆጠር ይውጣ» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም፤ ቢኖርም ዳኛው አይሰማውም።

ለጥቂት ሺህ ብር እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ የዕድሜ ልክ መጠለያ በዕጣ ሲታደል ግን «ኰምፒዩተሩ ነው ያወጣው» ከተባልን አሜን ብለን እንቀበላለን። ለምን?

ነገሬን ከሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ልጀምር። በዚያን ዕለት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ25 ሺህ በላይ የ20/80 እና የ40/60 ኮንዶሚኒየም ቤቶችን በኰምፒዩተር ዕጣ አወጣ። በየሰፈሩ እልል ተባለ። ብዙ ቀን ሳይቆይ ዕጣው ተሰረዘ። ለመወዳደር የሚያበቃውን ቁጠባ ያላሟሉ ሰዎች መረጃ ከዕጣው ውስጥ መግባቱን የነገረን አስተዳደሩ ራሱ ነው። ተጠርጣሪዎች ተያዙ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ዕጣው እንደገና ወጣ፤ አሠራሩም ተፈትሿል ተባለ። ጥፋተኛው ማን ነው የሚለው የፍርድ ቤት ጉዳይ ነውና አልገባበትም። እኔን የሚያብከነክነኝ ሌላ ነው።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ተከራይተው የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። በ2005 ዓ.ም. ተመዝግበው፣ ከጉልት ገቢያቸው እየቀነሱ ሲቆጥቡ የኖሩ ናቸው። ዕጣው በተሰረዘ ሰሞን ኮሪደሩ ላይ አገኙኝና «አንተ ልጅ፣ ጋዜጣ ላይ የምትጽፈው አንተ አይደለህም? እስቲ ንገረኝ፤ ማሽንም ያዳላል እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ እትዬ፣ ማሽኑ ምን ያውቃል፤ ሰው ነው እንጂ» አልኳቸው።

«እኮ፣ ሰውዬው ምን አደረገው?»

መልስ አጣሁ። ዕጣው ለሁለተኛ ጊዜ ሲወጣ ደግሞ «አሁንስ ምኑን አስተካከሉት?» ብለው ጠየቁኝ፤ ይበልጥ አፈርኩ። ምን እንደተበላሸ በደፈናው ሰምቻለሁ። ምን እንደተስተካከለ ግን ዘርዘር አድርጎ የሚነግረኝ ጽሑፍ በእጄ አልገባም።

ይህ ጥያቄ ሲከነክነኝ ሳለ ነው አንድ ሩቅ የሚመስል ነገር የገጠመኝ። ዲፕሎማዬ የጋዜጠኝነት ቢሆንም፣ መብራት ባልጠፋበት ምሽት ስኪም የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ እማራለሁ (ሌላው ኳስ ያያል፣ እኔ ቅንፍ እቆጥራለሁ፤ ቋንቋው ቅንፍ በቅንፍ ነው)። ስኪምን እ.ኤ.አ. በ1975 የፈጠሩት ጄራልድ ሰስማንና ጋይ ስቲል የተባሉ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሰዎች ናቸው። ትንሽ ቋንቋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው መተዳደሪያ ሰነዱ 50 ገጽ ቢሆን ነው። ሰነዱ ግን ደንብ ነው እንጂ የሚሠራ ፕሮግራም አይደለም። ደንቡን ኰምፒዩተር ላይ የሚያስኬዱት ልዩ ልዩ ቡድኖች የየራሳቸውን ሥሪት ያዘጋጃሉ፤ አንዱ ቺክን፣ ሌላው ጋይል ይባላል። እነዚህ ቡድኖች አዲስ ዕትም ባወጡ ቁጥር መዝገብ አያይዘው ያወጣሉ። ምን ተጨመረ፣ ምን ተነሣ፣ የትኛው ስህተት ታረመ፣ ሁሉም ይጻፋል።

ከነዚህ መዝገቦች አንዱን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። ከ4.8.0 በፊት የነበሩት የቺክን ዕትሞች በ64-ቢት ኰምፒዩተር ላይ ሲሠሩ፣ ቁጥር በዘፈቀደ እንዲያወጣ የተሠራው ክፍል ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ይመልስ ኖሯል! በዕቁብ ቋንቋ ልናገረውና፣ ልጁ እጁን ባርኔጣው ውስጥ በሰደደ ቁጥር ያንኑ ወረቀት ይዞ ይወጣ ነበር ማለት ነው። ምክንያቱ ተንኮል አልነበረም፤ አንድ ቁጥር ከአንድ ዓይነት አያያዝ ወደ ሌላ ሲዛወር የተፈጠረ ስህተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ታረመ። ታርሞም አልተደበቀም፤ በዓለም አቀፉ የሶፍትዌር ጉድለቶች መዝገብ ላይ 2012-6124 የሚል ቁጥር ተሰጥቶት እስከ ዛሬ ይነበባል። ሠሪዎቹም ይህ ክፍል ለጥብቅ ምስጢር ሥራ እንደማይሆን ቀድሞም አስታውቀን ነበር የሚል መልሳቸውን እዚያው አስፍረዋል። ክሱም መልሱም አንድ ቦታ ላይ ነው።

ጋይል ደግሞ ለሰሚው የባሰ የሚመስል ነገር በመመሪያው ላይ ጽፏል። ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር መነሻ ቁጥሩ ያው ነው፤ ስለዚህ ሌላ መነሻ ካልሰጡት በዘፈቀደ የሚያወጣቸው ቁጥሮች ዛሬም ነገም ያንኑ ተርታ ይከተላሉ። መነሻውን ከኰምፒዩተሩ ከራሱ የሚቀዳ ትእዛዝ በኋላ ተጨምሮለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው 2.0.13 ዕትም ላይ ደግሞ፣ ሰው በገዛ ኰምፒዩተሩ ላይ በሚከፍተው የጋይል መሥሪያ በር በኩል ተንኮለኛ ድረ ገጽ ሾልኮ ትእዛዝ ሊያስገባ ይችል እንደነበረና ቀዳዳው መደፈኑን በይፋ አሳወቁ። እኛንም የሚነካ አለበት። በቀድሞው 1.8 ዕትም «ሰላም» ስንት ሆሄ ነው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ 9 ነበር፤ ምክንያቱም አንድ የግዕዝ ሆሄ ሦስት ባይት ይይዛል፣ ፕሮግራሙም የሚቆጥረው ባይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው 2.0 ግን «ሰላም» 3 ሆነ። ተመስገን ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። ለማንም ቤት የማይሰጥ፣ ከማንም ቤት የማይነሣ ቋንቋ የሚሠሩ ሰዎች ጉዳቸውን በአደባባይ ይዘረግፋሉ። የሕዝብ ቤት የሚያድለው ፕሮግራም ግን በዝግ በር ተሠርቶ በዝግ በር ይታረማል። ይህ በሽታ የዕጣው ብቻ አይደለም። ስልኬ ላይ ያለ አንድ የክፍያ መተግበሪያ በአንድ ወቅት ለአንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይቆርጥብኝ ነበር። ስደውል «እርስዎ ደጋግመው ነክተውት ይሆናል» ተባልኩ። ከሳምንታት በኋላ አዲስ ዕትም መጣ፤ መግለጫው «አነስተኛ ማሻሻያዎች ተደርገዋል» ይላል፤ ድርብ መቁረጡም ቀረ። ጣቴ በአንድ ሌሊት ሠለጠነች ማለት ነው? ገንዘቤ ይቅር። ስህተቱ የእነሱ እንደነበረ የምትናገር አንዲት መስመር ግን እስከ ዛሬ እጠብቃለሁ።

«ፕሮግራሙ ለሕዝብ ከተገለጠ ሌባ መግቢያውን ያውቃል» የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር ከተማሩ ሰዎች አፍ ስሰማ እገረማለሁ። የ2014ቱ ዕጣ የተበላሸው ለሕዝብ ተገልጦ ነውን? መግቢያውን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ከውስጥ ያለው ነው፤ መዘጋቱ የጠቀመው ካለ እርሱን ነው። «ማን ያነበዋል?» የሚሉም አሉ። እኔና እትዬ ላናነበው እንችላለን። ከየዩኒቨርሲቲው ሦስት ተማሪ ካነበበው ግን ይበቃል። ዕቁባችንም ውስጥ ሁሉም ሰው አይቆጥርም፤ መቁጠር የፈለገ ሰው መቁጠር መቻሉ ነው ቁም ነገሩ። ወደ ወረቀት እንመለስ ለሚሉት ደግሞ፣ ለብዙ ሺህ ተመዝጋቢ የሚሆን ባርኔጣ ከወዴት ይገኛል?

ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም እኮ ተራራ አይደለም። ስም ዝርዝርን ያለ አድልዎ የማደባለቅ ዘዴ ሮናልድ ፊሸርና ፍራንክ ዬትስ የተባሉ እንግሊዛውያን እ.ኤ.አ. በ1938 በመጽሐፍ ያሳተሙት ነው። በስኪም ቢጻፍ ከ20 መስመር አያልፍም፤ እኔ ጀማሪው በአንድ ምሽት ጽፌዋለሁ። ቅድም ጉድለት የመሰለን የጋይል ጠባይ ጥቅሙ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓይነት መነሻ ቁጥር ሲሰጠው አንድ ዓይነት ተርታ የሚያወጣ ከሆነ፣ መነሻ ቁጥሩን ረዘም አድርገው ሕፃናት በመድረክ ላይ አሃዝ በአሃዝ ከባርኔጣ ያውጡት። ያን ቁጥር፣ ያንኑ ፕሮግራምና ያንኑ ዝርዝር የያዘ ሰው ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ዕጣውን ደግሞ ማውጣት ይችላል። ከመድረኩ የተለየ ስም ከመጣለት ይጮኻል።

ልብ አድርጉ፣ «ያንኑ ዝርዝር» ብያለሁ። በ2014 ተነካ የተባለው የተወዳዳሪዎች መረጃ ነው። ፕሮግራሙ የመላእክት ሥራ ቢሆን እንኳ፣ የማይገባው ስም ከገባበት ያንኑ ስም በፍጹም ፍትሕ ያወጣዋል! ስለዚህ የተወዳዳሪዎች ዝርዝር በምዝገባ ቁጥር ተደርጎ፣ መነሻ ቁጥሩ ከመውጣቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት ታትሞ መለጠፍ አለበት፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቁጥር ቢጨመር ሁሉም ያየዋል። የሰው ገመና ይወጣል እንዳትሉኝ። የባለዕድለኞች ስም በአደባባይ ሲነገር ማንም ገመና አላለም፤ የምዝገባ ቁጥርማ ከስም ያነሰ ነው። ፕሮግራሙም ከዝርዝሩ ጋር ይውጣ። ካለፈው ዕጣ ወዲህ የተለወጠውም መስመር በመስመር ይጻፍ፤ የቺክን ሰዎች «ቁጥር አውጪያችን አንድ ቁጥር ብቻ ያወጣ ነበር» ብለው እንደጻፉት ያለ ነውር ይጻፍ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፣ የውጭ ምንዛሪም አያስፈልግም።

እትዬ አሁንም ከበላዬ ተከራይተው አሉ። ስለ ዕጣው መጠየቁን ትተዋል። በዕቁባችን ቀን ግን ማንም ሳይቀድማቸው ይወርዱና ወረቀቶቹን ከዳኛው እጅ ተቀብለው ራሳቸው ይቆጥራሉ። ባለፈው እሁድ አንድ ወረቀት ከሌሎቹ ጠበቅ ብሎ ተጠቅልሎ አገኙትና፣ ዳኛው እየሳቀ ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ጠቀለላቸው።