የነገው ዓለም ሙዚቃ፣ ከናይሮቢ
የአዘጋጁ ማስታወሻ

ስለ ነገው ዓለም የሚተርክ ፊልም ስናይ ዓይናችን መንኮራኩሩ ላይ ነው፤ ልባችንን የሚነካው ግን ብዙ ጊዜ ሙዚቃው ነው። ይህ እትም በኦርኬስትራ እንደገና ለሚቀዳ የሳይንስ ልቦለድ ፊልምና የቴሌቪዥን ሙዚቃ የተሰጠ ነው።

የተቀዳን ሙዚቃ እንደገና መቅዳት ለምን? የጥንቱ ቴፕ ይጠፋል፣ ይበላሻል፤ አንዳንዱ ድርሰትም ጭራሽ ከአድማጭ ጆሮ ሳይደርስ ይቀራል። አሌክስ ኖርዝ በ1968 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለወጣው የስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ የጠፈር ኦዲሲ» የደረሰውን ሙዚቃ ዳይሬክተሩ ትቶ በታወቁ የክላሲካል ሥራዎች ተካው። ድርሰቱ ለሕዝብ የበቃው ኖርዝ ካረፈ በኋላ፣ በ1993፣ የፊልም ሙዚቃ ደራሲው ጄሪ ጎልድስሚዝ ናሽናል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራን እየመራ ሲያስቀዳው ነው። በቴሌቪዥን በኩል ደግሞ ዴሊያ ደርቢሺር በ1963 ቴፕ እየቆረጠችና እየቀጠለች ያዘጋጀችው የ«ዶክተር ሁ» ተከታታይ ፊልም መግቢያ ሙዚቃ፣ ዓመታት ቆይቶ የኦርኬስትራ ልብስ ለብሷል። የመጀመሪያው ጽሑፋችን ከእንዲህ ያለው ሥራ ምን እንደሚገኝ፣ ምንስ እንደሚጠፋ ይመረምራል።

ሁለተኛው ናይሮቢን ይመለከታል። ኬንያዊቷ ፊልም ሠሪ ዋኑሪ ካሂዩ ውሃ ስለ ነጠፈበት ምድር የምትተርክበትን «ፑምዚ» የተባለ ፊልም በ2009 ሠርታለች። የናይሮቢ ኦርኬስትራ ከ1947 ጀምሮ አለ፤ በከተማዋ ኮሮጎቾ ሰፈር ደግሞ «ጌቶ ክላሲክስ» የተባለው ፕሮግራም ከ2008 ወዲህ ለልጆች ቫዮሊንና መለከት ያስተምራል። ፊልም ሠሪውም ተጫዋቹም እዚያው ከተማ ውስጥ ናቸው። ጸሐፊያችን የሚጠይቀው ሁለቱን የሚያገናኝ ድርሰት ማን ይጻፍ፣ ወጪውንስ ማን ይቻል የሚለውን ነው። ጥያቄው አዲስ አበባንም ይመለከታታል።