መሸ ብሎ ልጅ ማሰር

«ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ልጅ መንገድ ላይ ምን ይሠራል?» ስርቆት በዛ በተባለ ቁጥር በየከተማው የሚነሣ ጥያቄ ነው። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ መልሱን ይዞ ይመጣል፤ ለልጆች ሰዓት እላፊ ይታወጅ፣ ፖሊስም ይልቀማቸው።

ጅማ ላይ ግን ጥያቄው እውነተኛ መልስ አለው። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ልጅ ከማታ ትምህርት የምትወጣው በዚያ ሰዓት አካባቢ ነው። በረመዳን ከጅሬን እስከ ሒርማታ ልጆች ከተራዊህ ሰግደው የሚመለሱትም ያኔ ነው። በከተማዋ ዙሪያ ባሉት በማናና በጎማ ወረዳዎች ደግሞ ለእጥበት የተለቀመ እሸት ቡና ሳያድር መፈልፈል ስላለበት፣ ከወላጆቹ ጋር ማጠቢያ ጣቢያ ደጃፍ የሚያመሽ ልጅ አይጠፋም። ቅቅል እንቁላል ሻጩም የሚያመሸው ገበያው ማታ ስለሆነ ነው።

ኢትዮጵያውያን ሰዓት እላፊን የሚያውቁት ከአስቸኳይ ጊዜ ጋር ነው፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በባሕር ዳርና በጎንደር እንደታወጀው። በልጆች ላይ ብቻ ያነጣጠረ የሰዓት እላፊ ሕግ አገሪቱ የላትም። ይውጣ የሚሉት ሰዎች የተያዘው ልጅ የት እንደሚያድር ሊነግሩን ይገባል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ከኃላፊነት ነፃ ያደርጋል፤ ከ9 እስከ 15 ያለው ከአዋቂ ጋር እንዳይታሰርም ይከለክላል። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 172 እንዲህ ያለው ልጅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለ ወረዳ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ሌሊት ግን ፍርድ ቤቱ ዝግ ነው። እስኪነጋ ያለው ፖሊስ ጣቢያ ብቻ ነው፤ ለልጆች የተለየ ክፍል ያለው ጣቢያ ደግሞ ብርቅ ነው።

15 ዓመት ያለፈው ልጅ ነገር ይብሳል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 56 በመርህ ደረጃ እንደ አዋቂ ይዳኘዋል፤ ቅጣቱን ማቅለል የዳኛው ፈንታ ነው። የ16 ዓመቱ ሊስትሮ ኢትዮጵያ ባጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ልጅ ነው፣ በችሎት ግን ልጅነቱ በዳኛው ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።

የመልቀም ሥልጣን ወዴት እንደሚያደርስ ደግሞ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 አሳይቷል። መተዳደሪያው የማይታወቅ ሰው በቦዘኔነት ሲጠረጠር ዋስትና ይከለከላል። ሊስትሮና ቆሎ ሻጭ ለፖሊስ ምን የመተዳደሪያ ማስረጃ ያሳያል?

ሰዓት እላፊው ስርቆትን ቢያስቀር እንኳ አንድ ነገር ነበር። አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. በ1996 ደግፈውት በብዙ ከተሞች ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 አሥራ ሁለት ጥናቶችን የመረመረው፣ ካምፕቤል የተባለው የጥናት ገምጋሚዎች ጥምረት ያወጣው ግምገማ ግን ወንጀል ቀነሰ የሚል ማስረጃ አላገኘም። የሰረቀን ልጅ ለመጠየቅ ደግሞ ሕጉ ቀድሞም አለ።

ጅማ ለልጆቿ ከሰጋች ከማታ ትምህርት ቤቶች በሚያስመልሱት መንገዶች ላይ መብራት ትትከል፤ በየፖሊስ ጣቢያውም ልጅን ከነስሙ ተቀብሎ በዚያው ሌሊት ወላጁ ወይም አሠሪው ቤት የሚያደርስ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ ትመድብ።