«በኋላ አስታውሰኝ» እስከ መቼ?

ስልካችሁ «አዲስ አፕዴት ዝግጁ ነው» ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን ነካ አድርገን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። ነገም ያስታውሰናል፤ ነገም «በኋላ» እንላለን። ነገሩ ተራ ይመስላል። የሌላ ሰው አደራ በስልኩ ለያዘ ሰው ግን ተራ አይደለም።

እስቲ ስልካችን ውስጥ ያለውን እናስብ። የእድር ወይም የኅብረት ገንዘብ የምትሰበስብ እህት ቴሌብሯም የባንክ አፕሊኬሽኗም እዚያው ነው። ምክር የሚሰጥ አገልጋይ ስልክ ላይ ትዳሯ የተናጋባት ሴት በሌሊት የጻፈችው ረጅም መልእክት፣ ከሱስ ለመውጣት የሚታገል ወጣት የላከው ድምፅ፣ ለጸሎት ተብሎ የተነገረ የሕመም ምስጢር አለ። እነዚህ ሰዎች ገመናቸውን የሰጡት ለሚያምኑት ሰው እንጂ ስልኩን ሰብሮ ለሚገባ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ «ስልኩ የራሴ ነው፤ ባላድሰው ማንን እጎዳለሁ?» ማለት አያስኬድም።

አፕዴት የሚፈሩ ሰዎችን ግን አልንቅም፤ ምክንያት አላቸው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2014 አፕል አይኦኤስ 8.0.1ን ሲለቅ፣ የጫኑ የአይፎን 6 እና የ6 ፕላስ ባለቤቶች ኔትወርክ ጠፋባቸው፤ የጣት አሻራውም አልሠራ አለ። ኩባንያው በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ አነሣውና በማግስቱ ማስተካከያ አወጣ። በ2017 መጨረሻ ደግሞ ይኸው ኩባንያ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖች በድንገት እንዳይጠፉ ሲል በአፕዴት ፍጥነታቸውን ይቀንስ እንደነበር አመነ። ይቅርታ ጠይቆም የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። «አፕዴት ካደረግሁ ወዲህ ስልኬ ተንቀራፈፈ» ሲሉ የተሣቀባቸው ሰዎች ልክ ነበሩ ማለት ነው።

በእኛ አገር ሌላም ጣጣ አለ። ትልቁ አፕዴት ሁለት ሦስት ጊጋባይት ሊወስድ ይችላል፤ ይህ ለብዙ ቤተሰብ የሳምንት ዳታ ነው። መብራትም መሃል ላይ ይሄዳል። «ዝም ብላችሁ ጫኑ» የሚለን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዋይፋይ ባለበት ቢሮ የሚውል ነው።

ቢሆንም አፕዴት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ትልቁ ነው፤ ቁጥሩ ከ17 ወደ 18 የሚዘልለው፣ መልኩንም አጠቃቀሙንም የሚቀይረው። እሱን ሁለት ሦስት ሳምንት ማቆየት ስንፍና አይደለም፤ የችኩሎቹን ስልክ አይቶ መወሰን ነው። ሌላው ትንሹ የደኅንነት አፕዴት ነው። ከጫናችሁት በኋላ የተለወጠ ነገር አታዩም፤ ሥራው የተገኘ ቀዳዳ መድፈን ነውና። እሱን ማዘግየት አይገባም። ማስተካከያው ሲወጣ ቀዳዳው የት እንደነበረ ሌቦችም አጥንተው ይደርሱበታል፤ ያን ጊዜ የሚጠቃው ያልደፈነው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 የወጣው አይኦኤስ 14.8 ከደፈናቸው ቀዳዳዎች አንዱ ፔጋሰስ የተባለው የስለላ ፕሮግራም የሚገባበት ነበር። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲትዝን ላብ ያገኘው በአንድ የሳዑዲ አክቲቪስት ስልክ ላይ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ የገባው ባለቤቱ ምንም ሊንክ ሳይነካ ነው። «እኔን ማን ይሰልላል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ያን ያህል ውድ መሣሪያ በእድር ገንዘብ ያዥ ላይ አይባክንም። ተራው ሌባ ግን የሚፈልገው ክፍት በር እንጂ ታዋቂ ሰው አይደለም።

አንዳንድ ወንድሞች «እግዚአብሔር ይጠብቀኛል» ይላሉ። አሜን፤ ይጠብቃቸው። ማታ ማታ ግን የቤታቸውን በር ሲቆልፉ አይቻለሁ።

አንድሮይድ የያዝን ደግሞ ሌላ ችግር አለብን። ጎግል በየጊዜው የደኅንነት ማስተካከያ ያወጣል፤ ወደ እኛ ስልክ መድረስ አለመድረሱ ግን በአምራቹ ፈቃድ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የመጨረሻው የደኅንነት አፕዴት የወጣበትን ቀን ተመልከቱ። ዓመት ካለፈውና ስልኩ «አዲስ ነገር የለም» ካላችሁ፣ አምራቹ ሳይተወው አይቀርም። ያኔ የሚጠየቀው «ልጫን ወይስ ይቅር?» ሳይሆን «በዚህ ስልክ የሰው ገንዘብና ምስጢር ልያዝ ወይ?» ነው። እኔ አትያዙ እላለሁ። መዝሙር ይሰማበት፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይነበብበት፤ የኅብረቱ ሒሳብ ግን ወደ ሌላ ስልክ ይዛወር።

ከመጫናችሁ በፊት ፎቶዎቻችሁንና ስልክ ቁጥሮቻችሁን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ባትሪውንም ሙሉት። አፕዴቱ የሚገኘው ከሴቲንግ ብቻ ነው። «ስልክዎ ቫይረስ ገብቶበታል፤ አሁኑኑ ያድሱ» የሚል ማስታወቂያ ወይም በቴሌግራም የተላከ ፋይል አፕዴት ሳይሆን ራሱ ሌባው ነው።

እናቶቻችንን ደግሞ አንርሳ። ልጃቸው ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ በቪዲዮ ሲደውል የሚያነሡባት ቁልፍ ከአፕዴቱ በኋላ ቦታ ብትለውጥ፣ ስልኩ የተበላሸ መስሏቸው ሳምንት ሙሉ ሲጨነቁ ይሰነብታሉ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንድ ወጣት አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «እማዬ፣ አሁን እዚህ ጋ ነች» ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያለማምዳቸው ይበቃል።