ትርጉምም አማና ነው

 

የመመረቂያ ጥናት ወቅት ሲደርስ ጀመዓችን ውስጥ አንድ ጥያቄ ይበዛል፦ «ኦሮምኛ ትችላለህ አይደል? ሶማልኛ ትችያለሽ አይደል? ይህችን መጠይቅ እስከ ነገ ተርጉሙልኝ።» እኛም ለወንድማችን እንቢ ማለት ስለሚከብደን በአንድ ሌሊት ጨርሰን እንሰጣለን። ይህ ልማድ መቅረት አለበት ብለን እናምናለን። ምክንያታችንን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ፦ የልብ ድካም ሕሙማን ራሳቸውን እንዴት እንደሚንከባከቡ የሚለኩ መጠይቆችን እንመልከት።

ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ በብዛት የሚያገለግሉት መጠይቆች ሁለት ናቸው። አንደኛው እነ ቲኒ ያርስማ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት የአውሮፓው መለኪያ ነው፤ መጀመሪያ 12 ጥያቄዎች ነበሩት፣ በ2009 ወደ 9 አጠረ። ሁለተኛው እነ ባርባራ ሪገል በ2004 በአሜሪካ ያሳተሙት ነው። ሁለቱም በየቀኑ መመዘንን፣ ጨው መቀነስን፣ መድኃኒትን በታዘዘው መሠረት መውሰድንና እብጠት ሲጨምር ምን እንደሚደረግ የመሳሰሉትን ይጠይቃሉ። ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ። ችግሩ የሚጀምረው ቋንቋ ሲሻገሩ ነው።

የበሽታውን ስም እንይ። «የልብ ድካም አለብዎት?» የተባለ ገበሬ «ድካምማ ማን የሌለበት አለ?» ብሎ ቢመልስ አይፈረድበትም። የእንግሊዝኛው ጥያቄ የእግር መዳፍንና ቅልጥምን በሁለት ቃል ይለያል፤ እኛ ሁለቱንም «እግር» እንላለን። «አዘውትረው ስፖርት ይሠራሉ?» ስንላቸው ገበያ ደርሰው በእግራቸው የተመለሱ እናት «ኧረ እኔ!» ብለው ይስቃሉ፤ መጠይቁም «አይሠሩም» ብሎ ይመዘግባቸዋል። በየቀኑ አይመዘኑም የተባሉት አባት ቤታቸው ሚዛን የለም። ቁጥሩ ግን ድህነታቸውን «ቸልተኝነት» ብሎ ይመዘግበዋል።

የእኛን ማኅበረሰብ በተለይ የሚመለከቱም አሉ። «ምልክቶቹ እንዳይነሱብዎ ማድረግ እንደሚችሉ ምን ያህል እርግጠኛ ነዎት?» ሲባሉ ብዙ አባቶች «አላህ ያውቃል» ይላሉ። ይህ ተወኩል እንጂ በራስ አለመተማመን አይደለም። ወረቀቱ ላይ ግን «እርግጠኛ አይደለም» ተብሎ ይሞላል። በረመዷን ደግሞ «የሚጠጡትን ፈሳሽ ይቆጥባሉ?» የተባለ ጿሚ «አዎ» ይላል፤ ከኢፍጧር እስከ ሱሑር ምን ያህል እንደጠጣ ማንም አልጠየቀውም። ጠዋት የሚዋጠውን ኪኒን ሐኪም ሳያማክር ወደ ማታ ያዞረውም «በአግባቡ እወስዳለሁ» ይላል። ጾሙ የሚጎዳውን በሽተኛ ዲናችን ራሱ እንዳገራለት እናውቃለን፤ የእያንዳንዱን ሰው ሁኔታ ዐዋቂዎችና ሐኪሙ ይመልከቱት። መጠይቁ ግን ቢያንስ እውነቱን የሚያወጣ መሆን አለበት።

«መልሰን ወደ እንግሊዝኛ አስተርጉመናል፣ ይበቃል» የሚሉ አሉ። መልሶ ማስተርጎም ጠቃሚ ነው፤ ግን «ስፖርት» ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ምንም እንከን አይታይበትም። እንከኑን የምታሳየን ሴትዮዋ ብቻ ናት። «የክሮንባህ አልፋው ከ0.70 በላይ ነው» የሚሉም አሉ። አልፋ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መግጠማቸውን እንጂ ትክክለኛውን ነገር መለካታቸውን አይነግረንም። ሐኪም ፊት ላለማፈር ሁሉንም «አዎ» የሚሉ ሰዎች ከሌሎች ጋር ሲቀላቀሉም አልፋው ያምራል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ መጠየቅም ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያው ዙር ሸዕባን ላይ፣ ሁለተኛው ረመዷን ላይ ከዋለ ግን የተለወጠው መጠይቁ ሳይሆን የሰውየው ኑሮ ነው።

ጊዜ የለም የሚለው ምክንያት ይገባናል። የማስረከቢያ ቀን አይጠብቅም፤ ገንዘብም የለም። ነገር ግን የተሳሳተው ቁጥር ተመርቀን ስንወጣ አብሮን አይወጣም። እዚያው ይቀርና «እነዚህ ሕሙማን ራሳቸውን አይንከባከቡም» የሚል ድምዳሜ ይሆናል፤ ሚዛን የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ምክር ብቻ ይሰጣቸዋል። በማያውቁት ቃል የተናገሩላቸው ሰዎች ሐቅ እኛ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ማንም ብቻውን አይተርጉም፤ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ተርጉመው ልዩነታቸውን ተቀምጠው ይፍቱ፣ ከዚያ መጠይቁን ያላየ ሦስተኛ ሰው ይመልሰው። ሁለተኛ፣ መጠይቁ ከመሰራጨቱ በፊት ጥቂት ሕሙማን ዘንድ ሄደን «ይህ ጥያቄ ምን ማለት ይመስልዎታል?» ብለን በራሳቸው ቃል እንዲያስረዱን እናድርግ። መለወጥ ያለበት ጥያቄ ከተገኘም በራሳችን ሥልጣን አንለውጠው፤ የመጠይቁን ባለቤቶች እንጠይቅ፣ ያደረግነውንም በጥናቱ ላይ እንጻፍ። ሦስተኛ፣ አፋርኛ፣ ሶማልኛ፣ ኦሮምኛ፣ ስልጥኛ፣ ሐረሪኛና ሌሎች ቋንቋዎችን የምንናገር የጀመዓው አባላት ስማችንንና የሰፈራችንን አነጋገር አስመዝግበን እንረዳዳ። በዚህ ግቢ ውስጥ ይህን ያህል ቋንቋ በአንድ ሶፍ የሚያሰልፍ ስብስብ ብዙ አይገኝም።

አንድ ሌሊት የሚወስደው ሥራ ሁለት ሳምንት ይወስድ ይሆናል። አማና ግን በጥድፊያ አይወጣም። ኒያችንን አስተካክለን ከጀመርን አላህ ያግራልናል፣ ኢንሻአላህ።