ረዳት የሌለው ተሳቢ

በጅቡቲ መንገድ የሚመላለስ ከባድ መኪና ተሳቢውን ይዞ ያለ ረዳት ሲወጣ ያየ ሰው ካለ ብርቅ ነገር አይቷል። ሹፌሩ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት ረዳቱ ዙሪያውን ይዞራል። ጎማውን በብረት እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፣ ጋንቾውን ያያል፣ ከጎማ ስር የገባውን ድንጋይ ያነሳል። መኪናው ወደ ኋላ ሲል ደግሞ «ና፣ ና፣ ና… በቃ!» የሚለው እሱ ነው። ስሙን ማንም አያነሳውም። እንደ ቡድን ወጌሻ ማለት ነው፤ ጎል ሲገባ ካሜራው ወደ ወጌሻው አይዞርም።

የአውሮፓ ዋንጫን ወይም የዓለም ዋንጫን ለመከታተል ካራቫን እየጎተተ ብቻውን የሚወጣ የአውሮፓ ደጋፊ ግን ይሄ ሰው የለውም። ካራቫን ከቤት መኪና ኋላ የሚታሰር፣ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና አንዳንዴም ትንሽ ፍሪጅ ያለው ተሳቢ ቤት ነው። ሆላንዶች በዚህ ነገር የታወቁ ናቸው፤ ብሔራዊ ቡድናቸው በተጫወተበት አገር ሁሉ ካምፑን ብርቱካናማ ያለብሱታል። በውድድር ሰሞን የሆቴል ዋጋ ጣሪያ ሲነካ የራሱን አልጋ ይዞ የሚሄድ ሰው ብልጥ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ «ትንሽ ካራቫን ምን ዝግጅት ይፈልጋል? አስሮ መሄድ ነው» የሚለው ወሬ ላይ ነው። ይሄ ወሬ ሰው ያስጨርሳል፤ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያውም ብቻውን የሚወጣን ሰው።

እስቲ እ.ኤ.አ. በ2024 ጀርመን ያዘጋጀችው የአውሮፓ ዋንጫ ይታይ። ብርቱካናማዎቹ ጁን 16 ሀምቡርግ ላይ ፖላንድን 2ለ1 ረቱ፤ ተቀይሮ የገባው ቬግሆርስት ነበር ያዳናቸው። ጁን 21 ላይፕዚግ ላይ ከፈረንሳይ ጋር ያለ ጎል ተለያዩ። ጁን 25 በርሊን ላይ በኦስትሪያ 3ለ2 ተሸነፉና ሦስተኛ ሆነው ከምድባቸው አለፉ። ከዚያ ጁላይ 2 ሙኒክ ላይ ሩማኒያን 3ለ0፣ ጁላይ 6 ተመልሰው በርሊን ላይ ቱርክን 2ለ1 አሸነፉ፤ ጁላይ 10 ዶርትሙንድ ላይ በእንግሊዝ 2ለ1 ተሸንፈው ተሰናበቱ። ይህንን ሁሉ በካራቫን የተከተለ ደጋፊ በጀርመን ውስጥ ብቻ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ጎትቷል። አዲስ አበባ ጅቡቲ ደርሶ መልስ ቢባል አይተናነስም።

እዚህ ላይ ተጫዋቾቹ የማያውቁት አንድ ጣጣ አለ። ኦስትሪያን አሸንፈው ምድቡን አንደኛ ሆነው ቢያልፉ ኖሮ የጥሎ ማለፉ ጨዋታ ላይፕዚግ ነበር፤ ከበርሊን 190 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሳቢትዘር በ80ኛው ደቂቃ ያገባት ጎል ደጋፊውን ሙኒክ ወሰደችው፣ ወደ 600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ። በጀርመን አውራ ጎዳና ተሳቢ ለሚጎትት የቤት መኪና የተፈቀደው ፍጥነት 80 ነው፤ መስፈርቱን አሟልቶ ልዩ ፈቃድ ላወጣ ብቻ 100። በ80 ሳይቆሙ ቢነዳ እንኳ ከሰባት ሰዓት በላይ መሪ መያዝ ነው። ተቀያሪ ወንበር ላይ ደግሞ ማንም የለም።

ብዙ ሰው እንደዚህ ያለ ጉዞ ሲያስብ የሚፈራው ብቸኝነትን ነው። ይሄ ከንቱ ስጋት ነው። የኳስ ደጋፊ የሞላበት ካምፕ ውስጥ ማሊያ ለብሶ ወንበር የዘረጋ ሰው ሩብ ሰዓት ብቻውን አይቀመጥም። የሚጎድለው ጓደኛ ሳይሆን ረዳት ነው። ስለዚህ የዝግጅቱ ነገር «ምን ምን ልያዝ?» በሚል ዝርዝር አይጀመርም። ረዳቱ የሚሰራውን ቆጥሮ፣ እያንዳንዱን ማን ይሰራዋል ብሎ መጠየቅ ነው የሚሻለው። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፣ ያው ሹፌሩ።

ከሁሉ በፊት ክብደት። ትንሽ ካራቫን እዚህ ላይ አሳሳች ነው። ደጋፊው ወንበሩን፣ ድንኳኑን፣ የቢራ ሳጥኑን ከኋላ ይከምረዋል። ተሳቢው ከኋላ ሲከብድ አፍንጫው ይቀላል፣ ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጠፋል። ያኔ ፍጥነት ሲጨመር ወይም ትልቅ መኪና ሲያልፈው ነፋሱ ሲገፋው ጭራውን ማወዛወዝ ይጀምራል። ግራ ቀኙ እየባሰ ከሄደ ጎታቹን መኪና ይዞ ይገለበጣል። «ትንሽ ጋዝ ሰጥቶ ማስተካከል ነው» የሚሉ አሉ፤ አይሰማም። መወዛወዙን የሚያባብሰው ፍጥነት ነው።

በአውሮፓ የተለመደው ምክር ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ጫና ከካራቫኑ ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ እንዲሆን ነው። ተጭና 1,000 ኪሎ ለምትመዝን ካራቫን ከ50 እስከ 70 ኪሎ ማለት ነው። መኪናው ወይም ጋንቾው የሚፈቅደው ከዚህ ያነሰ ከሆነ የሚገዛው ያነሰው ቁጥር ነው። መለኪያው ደግሞ ውድ መሣሪያ አይደለም፣ ቤት ውስጥ ሰው የሚመዘንበት ሚዛን ነው። ካራቫኑ ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ጎማው ግራና ቀኝ ይታገዳል። ሚዛኑ ላይ በጋንቾው ከፍታ ልክ የተቆረጠ ወፍራም እንጨት ይቆማል፤ የካራቫኑ አፍንጫ ቀስ ብሎ እሱ ላይ ይወርዳል። ቁጥሩ ይነበባል፣ አለቀ። ይህንን ሳያደርግ ለአንድ ቲኬት በመቶ የሚቆጠር ዩሮ የሚከፍል ደጋፊ ቅድሚያ የሚሰጠውን አያውቅም።

ቁጥሩ ካልመጣ አሰላለፍ መቀየር ነው። ከባድ ዕቃ መሀል ላይ፣ ከጎማዎቹ አናት፣ ወለሉ ላይ ይሆናል፤ ላይኛው ቁም ሳጥን ልብስና ዳቦ ይበቃዋል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 40 ሊትር ሞልቶ የሚወጣ ሰው 40 ኪሎ ጨምሮ ነው የሚጎትተው፣ ካምፑ ውስጥ ቧንቧ እያለ። ቢራውም እንደዚያው። ለነገሩ ወደ ዶርትሙንድ ቢራ ጭኖ መሄድ ወደ ጅማ ቡና እንደ መውሰድ ነው። ከትንንሾቹ ካራቫኖች ውስጥ የሚፈቀድላቸው ጭነት ከመቶና ከሁለት መቶ ኪሎ ብዙም የማያልፍ ስላሉ ባንዲራውና ቴሌቪዥኑ ሳይገቡ ወረቀቱን ማንበብ ይቀድማል።

ጎማ ላይ የሚሸወዱት ደግሞ ብዙ የማይነዱት ናቸው። ካራቫን ዓመቱን ሙሉ ቆሞ በጋ ላይ ይወጣል። ጥርሱ አዲስ ይመስላል፣ ላስቲኩ ግን በፀሐይና በመቆም ብዛት ደርቋል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፉት አራት ቁጥሮች የልደት ሰርተፍኬቱ ናቸው፤ 1719 ከሆነ በ2019 በ17ኛው ሳምንት ተሰራ ማለት ነው። ጀርመኖች በ100 ለመጎተት ፈቃድ ሲሰጡ ከሚጠይቁት አንዱ የተሳቢው ጎማ ስድስት ዓመት ያልሞላው እንዲሆን ነው። በ80 ለሚሄደውም መጥፎ መለኪያ አይደለም። ስኮርታ የሌላቸው ካራቫኖች ስላሉ መኖሩን ማየት፣ የመኪናው ክሪክ ካራቫኑን ማንሳት መቻሉን ደግሞ ቤት ደጅ መሞከር ያስፈልጋል። ካራቫኑ ሲቆም ማዕዘኖቹ ላይ የሚወርዱት እግሮች ክሪክ አይደሉም፤ እነሱ ላይ ተማምኖ ጎማ የሚፈታ ሰው ካራቫኑን ራሱ ላይ ይጥላል። ጎማ ከተቀየረ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ ብሎኑ እንደገና ይጠበቃል።

መብራት ላይ ዘዴ አለ። ፍሬን ሲረገጥ ከኋላ ቆሞ «በርቷል» የሚል ሰው ስለሌለ አመሻሽ ላይ ካራቫኑን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ የብርሃኑን ነጸብራቅ በስፖኪዮ ማየት ይቻላል። ወይም ስልክን ከኋላ አቁሞ ቪዲዮ መቅረጽ፤ ፍሬቻ ግራ፣ ፍሬቻ ቀኝ፣ ፍሬን፣ ከዚያ ወርዶ ማየት።

ኋላ ማርሽ ግን በዘዴ ብቻ አይታለፍም፣ ልምምድ ይፈልጋል። አጭር ተሳቢ ከረጅሙ ይልቅ ቶሎ ይታጠፋል፤ ሹፌሩ ሳያየው ከመኪናው ጋር ይጋጠማል። እጅን የመሪው ታችኛ ክፍል ላይ አድርጎ የተሳቢው ጭራ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ መግፋት ነው። ቀኝ ከተፈለገ እጁ ወደ ቀኝ። ባዶ ሜዳ ላይ ሁለት ባልዲ አቁሞ አንድ ቅዳሜ መዋል ይበቃል። በየመሀሉ ወርዶ ማየት ሃፍረት አይደለም። ሃፍረቱ ካምፕ ውስጥ የሰው ድንኳን መግጨት ነው። ደግሞ የትንሽነት ጥቅም እዚህ ጋ አለ፤ ደልዳላ መሬት ላይ ከመኪናው ፈትቶ በእጅ መግፋት ይቻላል። ጎማውን ሳያግዱ ግን መፍታት የለም።

ጋዝ ላይ ማንም የአዲስ አበባ አንባቢ አስተማሪ አያስፈልገውም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ምን እንደሚያደርግ በየክረምቱ የሚሰማ ወሬ ነው። ካራቫን ደግሞ ከአንድ ጠባብ ክፍል ያነሰ ቤት ነው። ስጋ የተጠበሰበትን ከሰል ለሙቀት ብሎ ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ብርድ ገባ ብሎ የአየር ማስገቢያውን በጨርቅ መወተፍ፣ ምድጃ አብርቶ መተኛት፣ ሦስቱም ያው ናቸው። ሌላ ሰው ቢኖር «ራሴን አመመኝ» ብሎ በሩን ይከፍት ነበር። ብቻውን ለተኛ ሰው ያንን የሚያደርግለት ጩኸት የሚያሰማው የጭስ ጋዝ መቆጣጠሪያ ብቻ ነው፤ ዋጋው ከአንድ ማሊያ ያነሰ ይገኛል። በጉዞ ላይ ሲሊንደሩ ይዘጋል።

ይህ ሁሉ ሲነገር «ሰውየው ኳስ ሊያይ ነው እንጂ የመካኒክ ፈተና ሊወስድ ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ሞኝነት የለበትም። ዝግጅት ሲበዛ ደስታ ይገድላል፣ አንዳንዱም ዕቃ ሲገዛ ውድድሩ ያልፍበታል። ግን ከላይ ከተዘረዘረው ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀው ጎማውና መቆጣጠሪያው ብቻ ነው፣ ሌላው ጊዜ ነው። በተቃራኒው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ባንዲራ፣ ተጨማሪ ጥላ፣ ትልቅ ስክሪን ላይ ነው። ይሄ ተከላካይ ሳይገዛ አምስት አጥቂ የሚያስፈርም ክለብ ነው።

ማንኛውም ቡድን ለትልቅ ውድድር ሲዘጋጅ የወዳጅነት ጨዋታ ያደርጋል። ካራቫንም ያንን ይፈልጋል። ከቤት 50 ኪሎ ሜትር የማይርቅ ካምፕ፣ ሁለት ሌሊት፣ ቢቻል ዝናብ ያለበት ቀን። ጣሪያው የሚያፈሰው የት እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። የትኛው ዕቃ ሳይነካ እንደተመለሰም ይታወቃል፤ እሱ ቤት ይቀራል። ረስቶት የሄደው ቆርቆሮ መክፈቻም ከሙኒክ ይልቅ ከሰፈር ቢረሳ ይሻላል። ከወዳጅነት ጨዋታው ሲመለስ ሚዛኑ ላይ እንደገና ይወጣል፣ ምክንያቱም አሰላለፉ ተቀይሯል።

በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም በየዓመቱ በበጋ ከተማ እየቀየሩ የሚያዘጋጁት የእግር ኳስ ውድድር አላቸው። እዚያ በዘመድ ቤት ሶፋ ላይ ማደር የተለመደ ነው፤ ብቻን መሄድም በኛ ዘንድ «ሰው የለውም እንዴ?» ያሰኛል። ግን ዘመዱን ማስቸገር ሰልችቶት ትንሽ ካራቫን ለመግዛት የሚያስብ ቢኖር ይሄ ሁሉ ለእሱም ይሰራል። በተለይ ረዳት ማለት ምን እንደሆነ ከሆላንዱ የበለጠ ስለሚያውቅ።

የመጨረሻው ነገር የጨዋታው ሌሊት ነው። ዶርትሙንድ ላይ ዣቪ ሲሞንስ ገና በ7ኛው ደቂቃ አገባ፣ ኬን በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አደረገ፣ ከዚያ 90 ደቂቃ ሞልቶ ተቀይሮ የገባው ዋትኪንስ ጨረሰው። ከዶርትሙንድ እስከ ሆላንድ ድንበር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የተናደደ፣ ሁለት ሦስት ቢራ የጠጣ፣ ብቻውን ያለ ደጋፊ «አሁኑኑ ቤቴ» ቢል አይፈረድበትም። ረዳት ቢኖር ቁልፉን ይቀማው ነበር። በጀርመን በደም ውስጥ የሚፈቀደው አልኮል 0.5 ፐርሚል ነው፤ ለድካምና ለንዴት ግን መለኪያ የላቸውም። ስለዚህ ሰውየው ገና ከቤቱ ሳይወጣ፣ ቡድኑ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ለዚያች ሌሊት የካምፕ ቦታውን ከፍሎ መያዝ አለበት። አልጋው ከኋላው ታስሮ ነው ያለው። ጠዋት ተነስቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ዙሪያውን ዞሮ ጎማውን አይቶ፣ ጋንቾውን ነቅንቆ ይነሳል።