ስለ ነፋስ መዘውር የፎቶግራፍ ውድድር

ነፋስ ለባላገር እንግዳ አይደለም። ገበሬ እህሉን በአውድማ ላይ ወቅቶ ከጨረሰ በኋላ ነፋስ እስኪነሣ ይጠብቃል፤ በተነሣም ጊዜ በመንሽና በላይዳ እያዘራ ገለባውን ከፍሬው ይለያል። ዳሩ ግን ነፋስ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚጠቅም አይደለምና፥ በዓለም ባሉ ብዙ መንደሮች ዛሬ ተርባይን የሚባለውን ትንሽ መዘውር እያዞረ ውሃ ይስባል፤ መብራትም ያበራል። ይህንን ሥራ ሕዝብ እንዲያውቀውና እንዲወደው በየጊዜው የፎቶግራፍ ውድድር ይደረጋል፤ በየዓመቱ ሰኔ 8 ቀን በሚከበረው የነፋስ ቀን ስም የተደረጉም አሉ።

ውድድሩ መልካም ነው። ነገር ግን ዳኞች ምን ዐይነት ፎቶግራፍ እንደሚሸልሙ ሊያስቡበት ይገባል፤ ሰው ሁሉ የተሸለመውን አይቶ ያንኑ ለመምሰል ይደክማልና።

የፎቶግራፍ መሣሪያ አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም በፍጥነት የሚንቀሳቀሰውን ነገር እንደ ቆመ አድርጎ ማሳየቱ ነው። ብርሃን በበዛበት ቀን መሣሪያው ዐይኑን ገልጦ የሚከድነው ከሴኮንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ስለ ሆነ፥ በኀይል የሚዞረው መዘውርና መዞር ካቆመ ዓመት ያለፈው መዘውር በሥዕሉ ላይ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ በኮረብታ ላይ ቆሞ የሚታየው ነጭ መዘውር ዐይንን ቢያስደስትም፥ ውሃ መሳቡን ወይም አለመሳቡን ለተመልካቹ አይነግረውም።

ይህ ጕድለት በታላላቆቹ ማመንጫዎች ዘንድ ብዙ ጕዳት የለውም። በ2013 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው) በመቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ የተመረቀው የነፋስ ኀይል ማመንጫ፥ 84 መዘውሮች የተተከሉበትና 120 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የታቀደ ነበር። እንዲህ ላለው ሥራ መሐንዲሶች ይመደቡለታል፤ አንዱ መዘውር ቢቆም በመዝገብ ይታወቃል። በመንደር የተተከለው ትንሹ መዘውር ግን ከባለቤቱ በቀር ጠባቂ የለውም። ብሎኑ ሲላላ የሚያጠብቅ፥ ኩሽኔታውን ግራሶ የሚቀባ፥ የባትሪውን ውሃ የሚሞላ ሰው ከጠፋ ሥራው ይቆማል። የምረቃው ቀን ፎቶግራፍ ግን በቢሮ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ይኖራል፤ ሴቶቹም ዝም ባለው መዘውር ሥር እያለፉ እንደ ቀድሞው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ።

ምናልባት፥ «ውድድር ለውበት ነው፤ ምርመራው ለመርማሪ ይተው» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገሩ ፈጽሞ የሚናቅ አይደለም፤ ውበት የሌለውን ሥዕል ቆሞ የሚያይ ሰው ጥቂት ነውና። ሆኖም ሥዕል ከማስደሰት አልፎ ሊያስተምር እንደሚችል የማላዊው ተወላጅ ዊልያም ካምኳምባ ምስክር ነው። ከ2001 እስከ 2002 በማላዊ ራብ በጸና ጊዜ፥ ወላጆቹ የትምህርት ቤቱን ክፍያ መክፈል ስላልቻሉ ልጁ ትምህርቱን አቋረጠ። ከቤተ መጻሕፍት ያገኛቸው መጻሕፍት በእንግሊዝኛ የተጻፉ ነበሩ፤ እርሱም ቋንቋውን ገና ስላልጠነቀቀ ሥዕሎቹን እየተመለከተ ቃሉን ይፈታ ነበር። በአንደኛው መጽሐፍ ሽፋን ላይ የነበረው የነፋስ መዘውሮች ሥዕል ምኞት አሳደረበት፤ በውስጥ ያሉት ሥዕሎች ደግሞ የኤሌክትሪክን ጠባይ አስረዱት። ከዚህም በኋላ በ2002፥ በ14 ዓመቱ፥ ከወዳደቀ የቢሲክሌት አካልና ከትራክተር ማራገቢያ፥ በእሳት አሙቆ ከዘረጋውም የፕላስቲክ ቧንቧ መዘውር ሠርቶ በባሕር ዛፍ ማማ ላይ ሰቀለው፤ በቤታቸውም መብራት በራ። እንግዲህ ውበት ምኞትን ሰጠ፤ ሥራውን የሰጠው ግን አሠራርን የሚገልጠው ሥዕል ነው።

በኢትዮጵያም ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በታችኛው ኦሞ ወንዝ ዳር፥ የቀርጤስን ደሴት መዘውር አብነት አድርጎ፥ በሸራ ክንፍ የሚዞር የውሃ መሳቢያ አሠርቶ ነበር፤ በወንዙም ውሃ እርሻ ይጠጣበት ነበር። ፒተር ፍረንክል የተባለው መሐንዲስ ስለዚሁ ሥራ በ1975 መግለጫ አሳተመ። ኦሞን በዐይኑ ያላየ ሰው ስለ ሥራው ሊማር የቻለው፥ ነገሩ በጊዜው ስለ ተመዘገበ ነው።

ስለዚህ ዳኞች በሚቀርብላቸው ፎቶግራፍ ላይ ሦስት ነገር ሊመለከቱ ይገባል።

መጀመሪያው ቦታው ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በውስጡ ያለው ኀይል ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ እንዲሁም ዛፍና ቤት ነፋሱን ጥቂት ቢያደክሙት ከኀይሉ ብዙው ይጠፋል። በሠሪዎች ዘንድ የታወቀው ልማድ፥ መዘውሩ በ150 ሜትር ዙሪያ ካለው ነገር ሁሉ ቢያንስ 9 ሜትር ያህል ከፍ ይበል የሚል ነው። መዘውሩን ብቻ ነጥሎ ያነሣ ፎቶግራፍ ይህን ይሸሽጋል፤ ዙሪያውን አብሮ ያነሣ ግን የተከላውን ማማርና መበላሸት ይገልጣል።

ሁለተኛው ሰው ነው። በስኮትላንድ፥ የመኪና መንገድ በማይደርስበት በስኮሬግ ልሳነ ምድር የሚኖረው ሒዩ ፒጎት፥ ክንፉን ከእንጨት መጥረብን፥ የመዳብ ሽቦ መጠምጠምን፥ ማግኔት መደርደርን ለብዙ ዘመን ሲያስተምር ኖሯል፤ ትምህርቱም በልዩ ልዩ አገሮች ተሠርቶበታል። የዚህ ትምህርት ፍሬ፥ መዘውሩን የሠራው እጅ ሲበላሽም ሊጠግነው መቻሉ ነው። ስለዚህ ከመዘውሩ ጋራ ጠጋኙ፥ ከጠጋኙም ጋራ መሣሪያው ይታይ።

ሦስተኛው ዘመን ነው። አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ከሚቀርብ፥ አንዱ በተተከለበት ቀን፥ ሁለተኛው ከሁለት ዓመት በኋላ የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች ቢቀርቡ ይሻላል። በሁለተኛው ላይ ውሃው በገንዳው ሲወርድ፥ ወይም መብራቱ በቤት ውስጥ ሲበራ ቢታይ፥ ሽልማቱ የሚገባው ለእርሱ ነው።

ይህ ነገር በውድድር ዳኞች ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ከየወረዳው ስለ ምንጭ፥ ስለ ወፍጮ፥ ስለ መስኖ ከሚላክ መግለጫ ጋራ ፎቶግራፍ ይያያዛል፤ ብዙውን ጊዜም የምረቃው ቀን ፎቶግራፍ ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደ ተባለ፥ ነፋስ ሲነፍስበት በሚውል ኮረብታ ላይ በጨለማ የሚያመሽ መንደር አለ። ለእንዲህ ያለው መንደር መዘውር የሚተክል ሹም፥ ሪባኑን በቈረጠበት ቀን ብቻ ሳይሆን ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ስፍራው ተመልሶ ፎቶግራፍ ያስነሣ። መዘውሩ ቆሞ ቢያገኘውም ሥዕሉን አይሸሽገው፤ መቆሙ የታወቀ መዘውር ይጠገናልና።