ኢንሴንቲቩ ሲቆም እነዚህን ልጆች ማን ይይዛቸዋል?

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ አሜሪካ የውጭ ዕርዳታዋን ካገደች ወዲህ ካኩማ ውስጥ የሁላችንም ወሬ ራሽን ሆኗል። ልክ ነው፣ ሆድ ይቀድማል። ግን ብዙ ሰው ልብ ያላለው ሌላም የተቀነሰ ነገር አለ፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች ክፍል ውስጥ የሚረዱ ሠራተኞች። እኛ ትምህርት ቤት ሁለት ነበሩ፣ አሁን አንዷ ብቻ ቀርታለች።

ሥራው ምንድነው ለሚል ልንገር። እኔ ክፍል ከመቶ በላይ ተማሪ አለ። ረዳቷ ቁጥርን በጠጠር፣ ቃልን በሥዕል ታስረዳለች። ልጁ ሽንት ሲመጣበት በምን ምልክት እንደሚናገር ታውቃለች። ጫጫታ ሲያስፈራው ይዛው ትወጣለች። እንዲህ ለመላመድ ወራት ይፈጃል፤ ስለዚህ ዛሬ ሄዳ ነገ በሌላ ሰው አትተካም።

ታዲያ ለምን ቶሎ ትቀነሳለች? አንደኛ፣ የሚከፈላት ደመወዝ ሳይሆን ኢንሴንቲቭ ነው። ወረቀት ላይ «በጎ ፈቃደኛ» ስለሆነች ማሰናበት ቀላል ነው። ሁለተኛ፣ ችግሩ በዓይን አይታይም። ዊልቸር የሚፈልግ ሰው ይታያል፤ ከኋላ ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ ግን እየተማረ ነው ተብሎ ይቆጠራል። ሦስተኛው ከእኛው ነው። እርግማን ነው እያልን ልጆቹን ቤት እንደብቃለን። ያልታየ ልጅ አይመዘገብም፣ ላልተመዘገበ ደግሞ በጀት አይያዝም።

ጉዳቱ ልጁ ላይ አያበቃም። ረዳት ከሌለ እሱ ቤት ይውላል፤ እናቱ ወይም እህቱ እሱን ስትጠብቅ ሥራዋም ትምህርቷም ይቀራል። ከኦገስት 2025 ጀምሮ ደግሞ ራሽን በአራት ምድብ ተከፍሏል፤ ራሱን ይችላል የተባለ ቤተሰብ ምንም አያገኝም። ስለዚህ የልጁ መመዝገብ የእንጀራም ጉዳይ ሆኗል።

ኬንያ በ2008 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ልጁ በትምህርቱ የሚያስፈልገውን ድጋፍ ያግኝ ይላል። ሕጉ ካለ መጠየቅ የእኛ ፋንታ ነው። ወላጆች፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ፕሮቴክሽን ዴስክ ሂዱ፤ ልዩ ፍላጎቱ ፋይላችሁ ላይ መጻፉን አረጋግጡ። የብሎክ መሪዎች፣ ስብሰባ ላይ ከውሃና ከራሽን ጋር ይህንንም አንሱ። ድርጅቶችም መቀነሱ ግድ ከሆነባችሁ ለቤተሰቡ አስቀድማችሁ ንገሩ። ረዳቷም የልጁን ምልክቶች ለመምህሩ የምታስረክብበት ጥቂት ሳምንት ስጧት።